አትምቺው፣ ይውደቅ

ከዚራ ውስጥ ነው ቤቷ፣ ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር፣
ሁለት መቶ እርምጃ ከለገሀር አጥር።
ቆጥሬዋለሁ፣ ጣቶቼን ደብተሬ ላይ ሳስኬድ፣
ማክሰኞና ዓርብ፣ በዘጠኝ ሰዓት ሐሩር ስሄድ።

ማዳም ሲራኑሽ ፒያኖዋን ውሃ ታጠጣለች፤
ሆዱ ውስጥ ሁለት ጣሳ ሙሉ ታስቀምጣለች፣
የድሬ ሙቀት እንጨቱን እንዳይሰነጥቀው።
ታችኛው «ላ» ግን አንዴ ከሰመጠ አይወጣም ሰው ካልጠራው፤
በጥፍሬ ቆንጥሬ አነሣዋለሁ፣
እንደሚነቃነቅ ጥርስ።

«አውራ ጣትሽ ከጣቶችሽ ሥር ሲያልፍ
እንደ ድመት ይሹለክ፤ ክርንሽ እንደ ዶሮ ክንፍ አይርገፍገፍ።»
ሶናታው ንጹሕ ነው፣ እንደታጠበ ብርጭቆ፤
አንዲት ጣት ስትሰንፍ ይታያል ነውሯ ደምቆ።
በፔዳል ልሸፍነው ስል ቁርጭምጭሚቴን በእርሳስ ትነካለች፦
«እግር አንሺ! ደቻቱን ሳሎኔ አታስገቢ» ትላለች።

«እያደገ ይሂድ» ይላል ወረቀቱ፤
እኔ ጮህኩ ገና ከጥንቱ።
ሳቀች። «ጎርፍ አይተሽ አታውቂም? ደንገጎ ላይ ነው የሚዘንበው፤
እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ሰዉ አሸዋው ላይ ንግዱን ሲነግደው፣
መጀመሪያ ውሻ ጆሮውን ያነሣል፤
ቀጥሎ ጠጠር ከጠጠር ያወራል፤
ውሃው ገና ሳይታይ ሁሉም ያውቃል።
አንቺ ጎርፉን አመጣሽ፣ ውሻውን ረሳሽ።»

ኖክተርኑ ላይ ደግሞ እንደ ሰልፈኛ ረገጥኩ።
«ሩባቶ ስርቆት ነው» አለች፤ እኔ ደነገጥኩ።
«የድሬ ልጅ ሆነሽ ኮንትሮባንድ ይጠፋሻል?
ከአንዱ ቤት ቅንጣት ጊዜ ጉያሽ ትሸጉጫለሽ፣
ኬላው ጋ ሳትደርሺ ለጎረቤቱ ትከፍያለሽ።
ግራ እጅሽ ፈታሽ ነው፤ አይቸኩልም፣ አይተኛም፤
ቀኝሽ እያሳቀች ታልፈዋለች፣ እሱ ግን ሰዓቱን አይስትም።»

ሁሉም ገባኝ።
ድምፄ ግን ቆርቆሮ።
ሦስት ወር ሙሉ አንድ ኮርድ፣ በየሳምንቱ ያው እሮሮ፦
«አትምቺው!»
ካልመታሁት በምን ይናገራል?

አባቴ አብዶሽ ሸሚኖ ነው፤ ደጇ ላይ ይጠብቀኛል፣
«የሱሪዬ ዘይት ወንበርዋን ያበላሻል» ይላል።
ሥራው የፉርጎ ጎማ ማንኳኳት ነው፤ ባቡሩ ሲቆም
በረጅም እጀታ መዶሻ፣ አንድም ሳይዘል፣ አንድም፤
ደህናው ይዘምርለታል፣
ስንጥቁ ይስልበታል።

አንድ ማታ መስኮቱን ገፋ አደረገና፦ «አቦ፣ ማዳም፣ ይቅርታ።
ኢፍቱ፣ ብረቱን እያስፈራራሽው ነው።» ገባ በዝግታ፤
ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ በሻካራ መዳፉ
አንጓዬን አነሣና ለቀቀው።

«መዶሻዬን አልመታበትም እኮ። አነሣዋለሁ፤
መውደቁን ራሱ ያውቃል።
የኔ ሥራ ከዚያ በኋላ ነው።
መስማት።»

ክንዴ ከትከሻዬ ጀምሮ ወደቀ።
ቁም ሣጥኑ ውስጥ ብርጭቆ ለብርጭቆ ተንቀጠቀጠ፣
ድምፁ ግን አልጮኸም፤ ሰፋ፣ ሰፋና ተቀመጠ።
ማዳም እርሳሷን አኖረች፤
በአርመንኛ አንድ ቃል አለች፣ ለእኔ አልነበረም።

ዛሬ ውሃውን የማኖረው እኔ ነኝ።
ልጆች ይመጣሉ፣ «አትምቺው» እላለሁ፣ እንዳልሰሙኝ አውቃለሁ።
ታችኛው «ላ» አሁንም ይሰምጣል።
የኖክተርኑ ሦስተኛ ገጽ አሁንም አልተገዛልኝ፤
ውሻውን ሳስታውስ ኬላው ያመልጠኛል።

ማታ ግን፣ ሙቀቱ ሲሰበር፣ ልጆቹ ሲሄዱ፣
አንድ ጣት አነሣለሁ፤
እተወዋለሁ ለመውረዱ።
ከዚያ ሌላውን፤ ከዚያ ሌላውን፣ ጆሮዬን አዘንብዬ፣
የሚስል ይኖር ይሆን ብዬ።
ጎማው ሳይንኳኳ
ባቡር አይነሣማ።